አይሱዙ፦ ገበያ ያመነው፣ መንገድ የፈራው ስም

የታሸገ ውኃ ሁሉ «ሃይላንድ»፣ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሁሉ «ኦሞ» እንደሚባል በነቀምቴና በወለጋ ከተሞችም መለስተኛ የጭነት መኪና ሁሉ «አይሱዙ» ነው። ነጋዴው «አይሱዙ እየመጣልኝ ነው» ብሎ ሲጠባበቅ የሚደርስለት መኪና የሌላ ጃፓን ፋብሪካ ወይም የቻይና ሥሪት ሊሆን ይችላል። ማንም ግን አያርመውም። ስሙ ከፋብሪካው አልፎ የሥራው ስም ሆኗል።

እንዲህ ያለ ስም በገበያ ላይ ዋጋ አለው። ዕድሜያቸውና ይዞታቸው እኩል የሆኑ ሁለት መኪኖች ለሽያጭ ቢቀርቡ ቀድሞ ገዢ የሚያገኘው አይሱዙው ነው። ደላላውም ብዙ አይለፋበትም። ይሁንና ይኸው መኪና በአገሪቱ አውራ ጎዳናዎች ላይ «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ገዢ የሚሻማበት መኪና መንገደኛ የሚሸሸው መኪና የሆነው እንዴት ነው? ለአይሱዙ ስም ገንዘቡን የሚቆጥር ሰውስ የሚገዛው በትክክል ምኑን ነው? በዚህ ሳምንት ገበያ ዓምዳችን የምንመለከተው ይህንን ነው።

ከመርከብ ሠሪ እስከ «ኤልፍ»

የኩባንያው ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። በዚያን ጊዜ ቶኪዮ ውስጥ አንድ የመርከብ መሥሪያ ድርጅት ከአንድ የጋዝና የኤሌክትሪክ ድርጅት ጋር ተባብሮ አውቶሞቢል ለመሥራት አቀደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዎልስሊ ከተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ጋር የቴክኒክ ውል ተፈራረሙ። «አይሱዙ» የሚለው ስም የመጣው ቆየት ብሎ በ1934 ሲሆን፣ በኢሴ ከሚገኘው ታላቅ የሺንቶ ቤተ መቅደስ አጠገብ የሚፈስ ወንዝ ስም ነው። በቁሙ ሲፈታ «ሃምሳ ቃጭል» እንደ ማለት ነው። (ሞልቶ የተጫነ አይሱዙ በሌሊት ወደ ዲዴሳ ቁልቁል ሲወርድ የሰማ ሰው ቃጭሉ ከሃምሳ ይበልጣል ሳይል አይቀርም።) የዛሬው ኩባንያ በ1937 ተቋቁሞ በ1949 አይሱዙ ሞተርስ ተብሏል።

ለእኛ የሚበጀው የታሪኩ ክፍል የሚገኘው በናፍጣ ሞተር በኩል ነው። አይሱዙ ናፍጣ ሞተር መሥራት የጀመረው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነበር። በ1959 «ኤልፍ» የተባለውን ትንሽ የጭነት መኪና ለገበያ አቀረበ፤ በማግስቱ ዓመት በ1960 ደግሞ የናፍጣ ሞተር ገጠመለት። ኤልፍ የታሰበው ለጃፓን ጠባብ የከተማ መንገዶች ነው። ከመጋዘን ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ደንበኛ ቤት ዕቃ እንዲያደርስ ተብሎ ወደ ሁለት ቶን ለሚጠጋ ጭነት ተሠራ። ጋቢናው ሞተሩ ላይ ስለተቀመጠ አፍንጫ የለውም። የመኪናው ርዝመት በሙሉ ማለት ይቻላል ለጭነት ይውላል፤ በጠባብ ቦታም ይዞራል። ጋቢናው ወደ ፊት ሲደፋ ሞተሩ ለመካኒክ ወለል ብሎ ይታያል። በውጭ ገበያ «ኤን» በሚባለው ተከታታይ ስም የሚሸጡት ኤን ኬ አር፣ ኤን ፒ አርና ኤን ኪው አር የዚሁ የኤልፍ ልጆች ናቸው። ከፍ ያለው ኤፍ ኤስ አር የሌላ ቤተሰብ ነው።

ኩባንያው በቤት መኪና በኩልም ሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 በእንግሊዝ ፈቃድ ሂልማን ሚንክስን ገጣጠመ፤ በ1963 ቤሌትን፣ በ1974 ጀሚናይን አወጣ። ከቶዮታና ከሆንዳ ጋር ተወዳድሮ ግን አልሆነለትም። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ በ1971 34.2 በመቶ ድርሻ ገዝቶ ገባ፤ በ2006 ድርሻውን ሸጦ ወጣ። አይሱዙ ራሱ የቤት አውቶሞቢል መሥራት ያቆመው በ1993 ነው። «ትሩፐር» የተባለው የመስክ መኪናው በ1996 ትልቅ ጣጣ ገጠመው። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት መኪናው በድንገት ሲታጠፍ የመገልበጥ አደጋ እንዳለው ጻፈ፤ ገበያውም ሸሸው። አይሱዙ ከሰሰ። በ2000 ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ከመጽሔቱ አባባሎች አንዳንዶቹ ሐሰት ናቸው ብለው ሲወስኑ፣ የካሳ ገንዘብ ግን አልፈረዱለትም። በ2009 መጀመሪያ ኩባንያው ከአሜሪካ የቤት መኪና ገበያ ጨርሶ ወጣ።

በዚያው ዘመን በጭነት መኪና በኩል ስሙ እየገነነ ሄዷል። ጎረቤታችን ኬንያን ብንመለከት፣ ጄኔራል ሞተርስ በናይሮቢው ፋብሪካ የነበረውን 57.7 በመቶ ድርሻ በ2017 የገዛው አይሱዙ ነው፤ ፋብሪካውም አይሱዙ ኢስት አፍሪካ ተብሏል። አንድ ስም በአንዱ ገበያ ወድቆ በሌላው ሊነግሥ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይቸግራል።

ከኤንትሬ በኋላ

አይሱዙ ሳይገባ በፊት የወለጋ ጭነት የጣሊያኖች ነበር ማለት ይቻላል። «ኤንትሬ» እየተባለ የሚጠራው ፊያት 682 ኤን 3 ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያ ሹፌር መኩሪያ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼም የዚሁ የጣሊያን መስመር ተከታይ ነው። እስከ ዛሬ ጋራዥ ገብቶ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካሶኒና ስፖንዳ ሳይል የሚወጣ ሰው የለም። መኪናው ጃፓናዊ ሆኖም የሚጠገነው በጣሊያንኛ ነው።

ለውጡ የመጣው ከገበያው ነው። በደርግ ዘመን እህል በኮታና በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ይቀርብ ነበር፤ በየኬላው ቁጥጥር ስለነበር የግል ነጋዴው እንደልቡ አይንቀሳቀስም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ ከመንግሥት ለውጥ በኋላም የጭነት ሥራው ለግል ባለንብረት ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ከባኮ በቆሎ፣ ከጊዳ አያናና ከአንገር ቆላ ሰሊጥና በቆሎ፣ ከሻምቡ በኩል ኑግና ጤፍ፣ ከጊምቢ፣ ከነጆና ከደምቢ ዶሎ ቡና የሚሰበስብ ብዙ አነስተኛ ነጋዴ ብቅ አለ። ይህ ነጋዴ የሚፈልገው በአቅሙ ልክ የሆነ መኪና ነበር።

የጭነት ልክና የካፒታል ልክ

በእኛ ግምት ለአይሱዙ ስም መግነን ዋናው ምክንያት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው «ሞተሩ ጠንካራ ስለሆነ ነው» ይላል። ሞተሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ኤን ፒ አር ወለጋ ውስጥ የነገሠው መጠኑ ከወለጋ ገበያ መጠን ጋር ስለገጠመ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የዕለት ዋጋ አለመሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን። አንድ ነጋዴ በሳምንታዊው የገበያ ቀን 40 ኩንታል በቆሎ መሰብሰብ ይችላል እንበል። ኩንታሉ 3,000 ብር ቢሆን 120,000 ብር ያስፈልገዋል። ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና እስከ 400 ኩንታል ይጭናል። አይሱዙው ወደ አዲስ አበባ በኩንታል 150 ብር ቢጠይቅና ተሳቢው በ90 ብር ቢጭን፣ በተሳቢው የሄደ ነጋዴ በ400 ኩንታል ላይ 24,000 ብር ያተርፋል። ወረቀት ላይ ተሳቢው አሸነፈ።

ተሳቢውን ለመሙላት ግን አሥር የገበያ ቀን መጠበቅ አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት የገዛው በቆሎ ዘጠኝ ሳምንት ይተኛል፤ የመጨረሻው ወዲያው ይጫናል። በአማካይ ሲታይ 1,200,000 ብሩ ለአራት ሳምንት ተኩል ተቀምጧል ማለት ነው። በዓመት 18 በመቶ ወለድ ቢታሰብ የተኛው ገንዘብ ወደ 18,700 ብር ይበላል። በዚህ ላይ የመጋዘን ኪራይ፣ ነቀዝ፣ የእርጥበት መቀነስና የጆንያ ወጪ ሲጨመር 24,000 ብሩ የት እንደገባ አይታወቅም። በመካከሉ የበቆሎ ዋጋ ቢወርድስ? ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጀመሪያው ነጋዴ 120,000 ብር ይዞ አሥር ጊዜ ሲያዞር፣ ሁለተኛው አሥር እጥፍ ካፒታል ሊኖረው ግድ ነው። 120,000 ብር ብቻ ያለው ሰው ምርጫ የለውም፤ በገበያው የሚያቆየው አይሱዙው ነው።

ለዚህ ነው ከባድ መኪና አይሱዙን ከወለጋ ያላስወጣው። ሥራውን የሚከፋፈሉት በርቀትና በክምችት ነው። አይሱዙው ከወረዳ ከተማ ወደ መጋዘን ከተማ ያመጣል፤ ከመጋዘን ከተማ ወደ መሐል አገር የሚሄደውን ብዙ ጭነት ትልቁ ይወስዳል። ከኅዳር 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲገበያይ ሲደረግና ጊምቢ ላይ የቅበላ መጋዘን ሲከፈት ይህ ክፍፍል ይበልጥ ጎላ። በቀድሞው የከተማዋ አጠራር «ለቀምት» ተብሎ በዓለም ገበያ የሚታወቀው ቡና የመጀመሪያውን ጉዞ የሚጓዘው በብዛት በእነዚህ ትንንሽ መኪኖች ነው።

የመለዋወጫው ጉዳይም ከዚሁ ይከተላል። መኪናው ሲበዛ መለዋወጫ የሚያመጣ ነጋዴ ይበዛል፤ መለዋወጫው ሲበዛ መኪናው ይመረጣል። ነቀምቴ ያለ መካኒክ የጎደለውን ዕቃ መርካቶ ሶማሌ ተራ ደውሎ ያዝዛል፤ ዕቃውም በአውቶቡስ ተጭኖ ይደርሰዋል። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዳ ሥሪት መኪና የገዛ ሰው ግን ለአንዲት ኩሽኔታ ሳምንታት ሊቆም ይችላል። መቼም የቆመ መኪና ዕዳ እንጂ ንብረት አይደለም። በዚህ በኩል ስሙ የሚያስከፍለው ተጨማሪ ገንዘብ የሚገባው ነው እንላለን።

ስሙን ያተረፈው ሞተርና ዛሬ የሚሸጠው ሞተር

አሁን ገዢ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል።

የአይሱዙን ስም ኢትዮጵያ ውስጥ የተከሉት አሮጌዎቹ ሞተሮች ናቸው። ኤን ፒ አር 66 ላይ የነበረው ባለ 4.3 ሊትሩ «4 ኤች ኤፍ 1» እና ኤን ፒ አር 71 ላይ የተገጠመው ባለ 4.6 ሊትሩ «4 ኤች ጂ 1» ነዳጅ የሚመግባቸው በሜካኒካል ፖምፓ ነው። ፖምፓው ሲያስቸግር የገጠር ከተማ መካኒክ ያወርደዋል፤ ባለሙያ ያስተካክለዋል፤ ይመለሳል። ናፍጣው ጥቂት ቢቆሽሽ ሞተሩ ያጨሳል፣ ይዳከማል፣ ግን ይሄዳል። «አይሱዙ አይሞትም» የሚለው ወሬ የወጣው ከእነዚህ ነው።

ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ የመጡት እንደ ባለ 5.2 ሊትሩ «4 ኤች ኬ 1» ያሉ ሞተሮች በ«ኮመን ሬል» ዘዴ የሚሠሩ ናቸው። ነዳጁ እጅግ በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ ተከማችቶ፣ መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው። ሞተሩ ጉልበታም ነው፤ ጭሱም ያነሰ ነው። ነገር ግን ኖዝሎቹ ቀዳዳቸው እጅግ ረቂቅ ስለሆነ ውኃና ቆሻሻ አይችሉም። ብልሽቱም በጆሮ አይለይም፤ የመመርመሪያ መሣሪያና ማንበብ የሚችል ባለሙያ ይጠይቃል።

ይህ ልዩነት ወለጋ ላይ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይከብዳል። ማደያ ናፍጣ ሲያጣ ከየመንደሩ በጄሪካን የሚገዛ ነዳጅ አለ። ያ ጄሪካን ትናንት ምን ይዞ እንደነበር፣ ናፍጣው በምን እንደተቀላቀለ የሚያውቅ የለም። አሮጌው ኤን ፒ አር 66 ጉሮሮውን ጠርጎ የሚያልፈው ነዳጅ አዲሱን ሞተር ኖዝል ሊያሳጣው ይችላል፤ የኖዝሉ ዋጋ ደግሞ የብዙ ጉዞ ትርፍ ነው። ስለዚህ በአጎቱ አይሱዙ ዝና ተማምኖ አዲሱን የሚገዛ ወጣት ባለሀብት አንድ ዓይነት ዕቃ እየገዛ አይደለም። የነዳጅ ማጣሪያውን በጊዜው መቀየር፣ ውኃ መለያውን ማፍሰስ፣ ከሚታወቅ ማደያ ብቻ መቅዳት የመኪናው የዋጋ ክፍል አድርጎ ሊቆጥራቸው ይገባል። አዲሱን አይግዛ አላልንም። ለዕለታዊ ረጅም ጉዞ፣ ነዳጅና ጋራዥ ባለበት መስመር ላይ አዲሱ ይሻላል። ከጊዳ አያና ወደ ውስጥ ለሚገባ፣ ክረምት በጭቃ ለሚንከላወስ መኪና ግን አሮጌው 66 ወይም 71 ዛሬም ተፈላጊ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

«አልቃይዳ»

መንገዱ ያወጣለትን ስም ፋብሪካው አላተረፈውም። ይህንን ስም ያሠራው አጠቃቀማችን ነው።

ለከተማ ውስጥ ዕቃ ማድረሻ የታሰበው መኪና እዚህ የረጅም መንገድ መኪና ሆኗል። የኤን ፒ አር የመጫን አቅም እንደ ሞዴሉ ቢለያይም ከ40 ኩንታል ብዙ አይርቅም። ባለንብረቱ ባሌስትራ ያስደርብና ስፖንዳውን ያስከፍት፣ ወይም በእንጨት ያስረዝመዋል፤ ከዚያ በኋላ 60ም 70ም ይጫናል። ባሌስትራ ሲደረብ መኪናው አይጎብጥም፤ ስለዚህ ዓይን የተጫነውን ብዛት አያይም። ፍሬኑ ግን ያው የፋብሪካው ነው። አክሰሉም ያው ነው።

ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። ወደ ጊምቢም ሆነ ወደ በደሌ የሚሄድ መኪና ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ሊወጣ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳል ረግጦ የሚወርድ ሹፌር የፍሬኑን ሸራ ያግለዋል፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት ቶሎ ይፈላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፤ መኪናው አይቆምም። በየአደጋው ወሬ «ፍሬን እምቢ ብሎት» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። መድኃኒቱ ረቂቅ አይደለም። ዘይቱን በጊዜው መቀየርና በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው። አይሱዙ በጭስ መውጫው በኩል ሞተሩን የሚያፍን ረዳት ፍሬንም አለው። ብዙ ባለንብረት ይህ ረዳት ፍሬን ሲበላሽ «ያለሱም ይሄዳል» ብሎ ይተወዋል። በእውነት ያለሱም ይሄዳል፤ ጥያቄው ስለ መቆሙ ነው።

የተረፈው ግማሽ የሰዓት ጣጣ ነው። በምሥራቁ አገር ጫት የሚያመላልሱ አይሱዙዎች የሚሮጡት ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለመድረስ ነው፤ «አልቃይዳ» የሚለውን ስም በማግነን በኩል የእነሱ ድርሻ ትልቅ ነው። የወለጋው በቆሎ አይጠወልግም። ሹፌሩ ግን በጉዞ ብዛት አበል የሚታሰብለት ከሆነ እሱም እንደ ጫት ጫኝ ይነዳል። ከረዳቱ ጋር ሌሊት ተጉዞ ንጋት ላይ አዲስ አበባ የሚያራግፍ፣ በዚያው ቀን የመልስ ጭነት ይዞ የሚዞር ሰው እንቅልፉን የሚቆርጠው ከባለንብረቱ ትርፍ ነው ወይስ ከመንገደኛው ዕድሜ? ደመወዝ ያወጣው ባለንብረት መልሱን ያውቀዋል።

ትርፍ ጭነት በገንዘብም ቢሰላ እንደሚመስለው አያዋጣም። አሜሪካኖች በ1950ዎቹ መጨረሻ ባካሄዱት ትልቅ የመንገድ ሙከራ፣ በአክሰል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ እንደሚጠጋ ታይቷል። መንገዱ የመንግሥት ነው የሚል ባለንብረት ያንኑ በራሱ ጎማ፣ በራሱ ኩሽኔታና በራሱ ፍሪሲዮን ላይ ይተርጉመው።

ኢንሹራንስን በተመለከተ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የሦስተኛ ወገን መድን በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ ሆኗል፤ አዋጁ በ2005 ዓ.ም. በቁጥር 799 ተተክቷል። ይህ መድን የሚክሰው የተጎዳውን ሌላ ሰውና የሌላውን ንብረት እስከ ተወሰነ መጠን ነው። የራስን መኪናና የተጫነውን ቡና አይነካም። ቦሎ ለጥፎ «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ባለንብረት ብዙ ነው። ሙሉ ሽፋን የገባውም ቢሆን ከተፈቀደው ክብደት በላይ ስለመጫን ውሉ ምን እንደሚል አስቀድሞ ቢያነብ ይሻለዋል።

ስሙ የማይሸፍነው

ያገለገለ አይሱዙ የሚገዛ ሰው ሊያውቀው የሚገባው፣ ከፊቱ ካለው ብረት ውስጥ አይሱዙ የሠራው ጋቢናውን፣ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ አክሰሉንና ቻንሲውን መሆኑን ነው። ካሶኒው አገር ቤት የተበየደ ነው። «ቅጥቅጥ» የምንለው መለስተኛ አውቶቡስም ስሙ እንደሚነግረን በጭነት መኪና ቻንሲ ላይ ተቀጥቅጦ የተሠራ አካል ነው። ከነቀምቴ መናኸሪያ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ሻምቡና ወደ በደሌ ሕዝብ የሚያመላልሰው ቅጥቅጥ ጥንካሬው የሚወሰነው በቀጥቃጩ ነው። ስለዚህ ቅጥቅጥ የሚገዛ ሰው የአካል ሠሪውን ማንነት መጠየቅ አለበት፤ በአይሱዙ ስም ብቻ መዋዋል የማያውቀውን ሰው ሥራ በጃፓን ዋጋ መግዛት ነው።

የጭነቱን ከሆነ ከሥሩ ገብቶ ቻንሲውን ማየት ይገባል። ከኋለኛው ባሌስትራ ማሰሪያ አካባቢ የብየዳ ጠባሳ፣ አዲስ ቀለም ወይም የተደረበ ብረት ካለ መኪናው በትርፍ ጭነት ኖሯል። ባሌስትራውን መቁጠር ነው። ከሞተሩ ላይ «ያልወረደ» የሚለውን የደላላ ምስክርነት ከመስማት በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ማስነሣት ይሻላል፤ የሞቀ ሞተር ያለ ችግር ይነሣል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የቻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር መመሳከር አለበት። ሞተሩ ከሌላ መኪና የተገጠመ ሆኖ ሊብሬው ካልተስተካከለ ስም ማዛወሩ ላይ ጣጣ አለው። መኪናው በባንክ ብድር መያዣነት መያዝ አለመያዙን ከመንገድ ትራንስፖርቱ ፋይል ሳያጣሩ ቀብድ መስጠት ደግሞ ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነገር ነው።

አትርፌ ሸጥኩ ያለው ሰው

በመጨረሻ ስለ ዋጋው። «አይሱዙ ዋጋው አይወድቅም» የሚለው አባባል ካፒታል ያላቸውን ሰዎች ከሥራው ይልቅ ለማስቀመጥ እንዲገዙት አድርጓል። በሌላው ዓለም መኪና ከሱቅ በወጣበት ቀን ዋጋው ይቀንሳል፤ እኛ ዘንድ አሮጌው በብር ሲቆጠር እየጨመረ ይሄዳል። ሆኖም ይህ የአይሱዙ ተአምር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን ክፉኛ ስላስወደደ አገር ውስጥ ያለው ተፈለገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መለዋወጫውም ጎማውም ተከተለው።

አንድ ሰው በ2,000,000 ብር የገዛውን መኪና አራት ዓመት ሠርቶበት በ3,200,000 ብር ቢሸጥ 1,200,000 ብር አተረፍኩ ይላል። በሸጠበት ቀን እሱ ሲገዛ የነበረውን ዕድሜና ይዞታ ያለው መኪና 4,500,000 ብር ከሆነ ግን ሥራውን ለመቀጠል 1,300,000 ብር ጎድሎታል። (ይህም ለምሳሌ የተወሰደ ቁጥር ነው።) በአራቱ ዓመት ከጭነት ካገኘው ውስጥ ለመተኪያ ያስቀመጠው ከሌለ የበላው መኪናውን ነው። የጭነት ዋጋ ሲተምን የነዳጅ፣ የአበልና የጎማ ወጪ ብቻ የሚቀንስ ባለንብረት ይህንን የሚያውቀው ሁለተኛውን መኪና ለመግዛት ሲወጣ ነው።

በወለጋ ሌላም ሒሳብ አለ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ተዘግተዋል፤ መኪኖችም በየከተማው ቆመዋል። በዓመት 300 ቀን ይሠራል ተብሎ በታሰበ መኪና ላይ የተወሰደ ብድር፣ መኪናው 180 ቀን ብቻ ሲሠራ ወርኃዊ ክፍያው አይቀንስለትም። በዚህ ምክንያት ነቀምቴ ላይ አይሱዙ ለመግዛት የሚያስብ ሰው የብድር ክፍያውን ሲያሰላ ከዓመቱ ቀናት ቢያንስ ሲሶውን መኪናው እንደቆመ ቆጥሮ ቢጀምር፣ ከዚያም የቀረው ገቢ ክፍያውን ይሸፍን እንደሆነ ቢያይ መልካም ነው። ካልሸፈነ ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያ አጠራቅሞ ብድሩን ማሳነስ ወይም ከሌላ ባለንብረት ጋር ተጋርቶ መግዛት አለ። በሽርክና ለሚገዙ ሰዎች የጥገናና የመተኪያ ገንዘብ ከየጉዞው ስንት በመቶ እንደሚቀመጥ ገና ከመነሻው ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሊብሬው በአንዱ ስም ብቻ ከሆነም የሌላው ድርሻ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይረጋገጥ።